ለሁሉም ጠመንጃ የሚሆን ባሩድ፦ ቀለሃ መሙላትና የነፍጥ ኃይል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ

፩. መግቢያ

የጦር መሣሪያ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ጠመንጃው ነው። ስንት ጠመንጃ ገባ፣ ከየት መጣ፣ ለማን ደረሰ የሚሉት ጥያቄዎች የታሪክ መጻሕፍትን ገጾች ሞልተው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ የማይሻል ብረት ነው፤ ጥይትም ያለ ባሩድ ባዶ ናስ ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ሹም ምን ያህል የነፍጥ ኃይል እንደነበረው በትክክል ለመረዳት በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ጥይቱ ካለቀ በኋላ በምን ይተካ ነበር የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከፍተኛ ትርጉም ካላቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒ እስከ ማጂ የሚዘረጋው የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ነው። አካባቢው ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በሚል ስም ይተዳደራል። ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት አሥርተ ዓመታት ያህል ግን ነፍጥ የገዛው፣ ጥይት እንደ ገንዘብ የተመነዘረበት ጠረፍ ነበር። ከባሕር ወደብ እጅግ የራቀ በመሆኑም አንድ ጥይት ለመተካት የሚጠይቀው ድካም ከሌላው አገር ሁሉ የበለጠ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ዓይነት ባሩዶች፣ ማለትም ጥቁሩ ባሩድና ጭስ አልባው ባሩድ፣ በዚያ ዘመን የነበራቸውን ልዩነት ማስረዳትና ይህ ልዩነት በአካባቢው ሕዝብ ኑሮ ላይ ያስከተለውን ውጤት ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፪. ሁለቱ ባሩዶች

ጥቁር ባሩድ ከሦስት ነገሮች የሚዘጋጅ ቅልቅል ነው፤ እነርሱም የባሩድ ጨው፣ ከሰልና ድኝ ናቸው። ሦስቱም ከተፈጥሮ የሚገኙ ሲሆኑ ቅልቅሉ ሲቀጣጠል ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጢስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተኳሹ በነጭ ጢስ ይሸፈናል፤ የጠመንጃውም አፈሙዝ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይቆሽሻል። በሌላ በኩል የሚፈጥረው ግፊት መጠነኛ በመሆኑ ከለስላሳ ብረት የተሠራ አሮጌ ጠመንጃም ይችለዋል።

ጭስ አልባው ባሩድ ግን የፋብሪካ ልጅ ነው። ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጥጥን በናይትሪክ አሲድ ከማከም የሚገኘውን ንጥረ ነገር መሠረት አድርጎ ሠራው። ይህ ባሩድ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ በተመሳሳይ ክብደት ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ፈረንሳይም ለዚሁ ባሩድ የሚስማማውን የ8 ሚሊ ሜትር ለበል ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1886 ለሠራዊቷ አደለች። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ ተራ በተራ ወደ አዲሱ ባሩድ ተሸጋገሩ።

በዚህ ሽግግር ምክንያት የቀድሞው የፈረንሳይ ጠመንጃ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው፣ በባዚል ግራ ስም የሚጠራው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን የአገራችን ሰው በአንደበቱ አለስልሶ «ውጅግራ» አለው። የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ ሲሆን ከ5 ግራም በሚበልጥ ጥቁር ባሩድ እየተገፋ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረወራል። የለበል አረር ክብደቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ600 ሜትር ይበልጣል።

ለታሪኩ ወሳኝ የሆነው ነጥብ የሚከተለው ነው። በአፈሙዝ የሚጎረሰው አሮጌ ጠመንጃ፣ ስናድር፣ ረሚንግተንና ውጅግራ በአሠራራቸው ይለያያሉ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ቀለሃውም የተለያየ ነው። ሆኖም አራቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ባሩድ፣ በጥቁሩ ነው። ቀንድ ሙሉ ጥቁር ባሩድ ያለው ሰው ለአራቱም ይበቃዋል። ለለበል፣ ለሞዘርና ለምንሽር ግን ይህ ባሩድ አይስማማም፤ ጥቁሩ ባሩድ ቢገባባቸው ጠባቡን አፈሙዛቸውን ጥቀርሻ ይዘጋዋል፤ አረሩም ኃይል ያጣል። ጭስ አልባው ባሩድ በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ችግሩ የከፋ ነው። ግፊቱ ከብረቱ አቅም በላይ ስለሚሆን ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። በመሆኑም የባሩድ ምርጫ የጣዕም ጉዳይ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

፫. ባሩድ በኢትዮጵያ ምድር

ባሩድ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ የነፍጥ ጉዳይ የመንግሥት ሕልውና ጥያቄ ሆነ። በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሱት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች አለቃቸው ክሪስቶቫ ደ ጋማ በሚቀጥለው ዓመት ከተገደለ በኋላ ባሩዳቸው አልቆ ነበር። ከሞት የተረፉት በሰሜኑ ተራሮች ሳሉ ከአገሩ ከተገኘ ድኝና የባሩድ ጨው አዲስ ባሩድ መሥራታቸውን ከመካከላቸው የነበረው ሚጌል ደ ካስታኞሶ ጽፎ አቆይቷል። በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው የተዋጉትም ይኸንኑ ይዘው ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ባሩድን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ቢያንስ አራት መቶ ሰባ ዓመት ያስቆጠረ ታሪክ አለው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ማስቀለጣቸው ሁሉም የሚያውቀው ነው። የእርሳቸው ሐሳብ መሣሪያን ከውጭ ከመለመን በአገር ውስጥ መሥራት የሚል ነበር። ሐሳቡ ከመቅደላ ጋር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቢወድቅም ጥያቄው አልሞተም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ብዙ የግብፅ ረሚንግተን ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የናስ ቀለሃ ያለው ጥይት በብዛት ስለተለመደ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ይኸውም ተተኩሶ ባዶ የቀረውን ቀለሃ ምን እናድርገው የሚል ነው።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን ትኩረት ከአንድ ነጋዴ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ቀድሞ ባለቅኔ የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ይዞ ነበር። ጠመንጃዎቹ በአፈሙዝ የሚጎረሱ አሮጌዎች ስለነበሩ ንጉሡ ዋጋቸውን ዝቅ አድርገው ገዙት። ራምቦም በታኅሣሥ 1880 ዓ.ም. ለፈረንሳይ መንግሥት ባቀረበው ማመልከቻ ለውጅግራና ለረሚንግተን የሚሆን የጥይት መሥሪያ መሣሪያና የመቀጣጠያ ቆብ ወደ ሸዋ ለማስገባት እንዲፈቀድለት ጠየቀ። የማመልከቻው ይዘት እንደሚያመለክተው በዚያን ጊዜ በሸዋ የተፈለገው ጥይት መግዛት ብቻ ሳይሆን ጥይትን መልሶ ለመሥራት የሚያስችል አቅም ጭምር ነው።

አንድ ጥይት አራት ክፍል አለው፤ ቀለሃ፣ አረር፣ ባሩድና በቀለሃው ግርጌ ያለችው ትንሽ የመቀጣጠያ ቆብ። ቀለሃው ሳይሰነጠቅ ደጋግሞ ያገለግላል። አረሩ እርሳስ አቅልጦ በማፍሰስ ይሠራል። ጥቁር ባሩድ ድኝ ከአፋር በረሃ፣ የባሩድ ጨው ከደረቅ አገር አፈር፣ ከሰል ከደን በማምጣት ይዘጋጃል፤ የአውሮፓ ተጓዦች በአገር ቤት የተዘጋጀውን ባሩድ ሻካራና ደካማ ነው እያሉ ቢነቅፉትም ሥራውን ይሠራ ነበር። በቀላሉ ሊሠራ የማይችለው አራተኛው ክፍል፣ ቆቧ፣ ነው። ይህች ከጥፍር የማትበልጥ የናስ ቁራጭ ከውጭ አገር ካልመጣች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነበር። ይህም ሆኖ ከአራቱ ሦስቱን በአገር ውስጥ ማግኘት መቻሉ ለውጅግራ ትልቅ ብልጫ ሰጠው።

፬. የነፍጥ ጉዞ ወደ ቡና ምድር

ፈረንሳይ ውጅግራን ከጣለች በኋላ ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ውል ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አፍሪቃ እንዳይገባ ቢከለክልም ኢትዮጵያ ሉዓላዊት አገር በመሆኗ መሣሪያ ማስገባቷን ቀጠለች። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ከታጠቃቸው ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራና ረሚንግተን ከፍተኛውን ድርሻ ይይዙ ነበር።

ከአድዋ ድል በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ከፋ ዘመቱ። የከፋ መንግሥት ለዘመናት በጥልቅ ቦይ፣ በእንጨት አጥርና በደኑ ተከልሎ የኖረ ሲሆን የነበረው ጠመንጃ ግን በመቶዎች ብቻ የሚቆጠርና አሮጌ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተከላከሉ በኋላ ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በ1890 ዓ.ም. የራሱ ሠራዊት ከአንድራቻ ተነሥቶ በጊሚራና በማጂ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ዘለቀ። ዘመቻውን የተከተለው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየውን በመጽሐፍ አትሟል። ሚዛን ተፈሪ ዛሬ የምትገኝበት የቤንች ምድር፣ የሸኮ፣ የሜኤንና የዲዚ አገሮች በኢትዮጵያ ግዛት ሥር የገቡት በዚህ ዘመቻና ከዚያ በተከታተሉት ዓመታት ነው።

በእነዚህ አገሮች የሰፈረው ወታደር ደመወዙ በገንዘብ አልተከፈለውም። በደመወዙ ፈንታ ገባር ተቆጠረለት፤ ገባሩም እህል እያቀረበ፣ ማር እያመጣ፣ ቤት እየሠራ፣ ዕቃ እየተሸከመ ያኖረው ነበር። ወታደሩ «ነፍጠኛ» የተባለው በያዘው መሣሪያ ምክንያት ነው። እንግዲህ የአንድ ሥርዓት ስም ከነፍጥ የተወረሰ ከሆነ የሥርዓቱ ዕድሜም በጥይት አቅርቦት ላይ የተመሠረተ መሆኑ የግድ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ሣጥን ጥይት ማጂ እስኪደርስ በበቅሎና በሰው ትከሻ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፤ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ የጠረፉ ወታደር ባዶ ቀለሃ የሚጥል ሰው አልነበረም።

በምዕራብ በኩል ሌላ በር ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በ1896 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምዕራብ ቡናም በባሮ ወንዝ በመርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይወርድ ጀመር። ከጎሬ በኩል ደግሞ ጠመንጃ በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ ወደ አኙዋክ ባላባቶች ዘለቀ። ውጤቱ በመጋቢት 1904 ዓ.ም. ታየ። አኙዋኮችን ለመቅጣት ከሱዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር ከባድ ጉዳት ደርሶበት መኮንኖቹን ጨምሮ ከ40 በላይ ሰው አጥቷል። በአውሮፓ ገበያ አርጅቷል ተብሎ የተጣለው ውጅግራ በዚህ ጠረፍ ገና የሥልጣን ሚዛን የሚለውጥ መሣሪያ ነበር።

፭. ጥይት እንደ ገንዘብ

በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር ቢቀረጽም በሩቅ ጠቅላይ ግዛቶች ገበያ የሚታመነው የማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ብሩ ለትልቅ ግዢ እንጂ ለዕለት ፍላጎት አይመችም። አሞሌ ደግሞ ከአፋር ተነሥቶ ደቡብ ምዕራብ እስኪደርስ ዋጋው እየናረ ይሄዳል፤ በዝናባማው አገርም እርጥበት ያሟሟዋል። በዚህ ምክንያት በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች ጥይት የምንዛሪ ገንዘብ ሆነ። ጥይት አንድ ወጥ መጠን አለው፤ ይቆጠራል፤ በዝናር ይያዛል፤ ሁሉም ይፈልገዋል። የገንዘብ ጠባይ የሚባለውን ሁሉ አሟልቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ጥይት ከሌላ ገንዘብ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ብር ሲወጣ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ጥይት ግን ሲተኮስ ይጠፋል። ሀብትም ኃይልም በአንድ ቀለሃ ውስጥ ስለታሸጉ ወታደሩ በእያንዳንዱ ተኩስ ገንዘቡን እያቃጠለ ነበር። ባዶውን ቀለሃ ሞልቶ ወደ ዝናር መመለስ ማለት እንግዲህ መሣሪያን መጠገን ብቻ ሳይሆን ገንዘብን እንደገና ማተም ማለት ነው።

በዚህም ላይ የባሩዱ ዓይነት ትልቅ ትርጉም ነበረው። በፋብሪካ ባሩድ የተሞላ ጥይትና በአገር ቤት ባሩድ የተሞላ ጥይት ከውጭ ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም። ተቀባዩ ቀለሃውን አገላብጦ ቢያይም በውስጡ ያለውን ማየት አይችልም። እርጥበት የገባበት ወይም ጥራቱ የተጓደለ ባሩድ የያዘ ጥይት በገበያ ሲዘዋወር ቆይቶ ጉድለቱ የሚገለጠው ሰው ሊድንበት ወይም ሊሞትበት በሚተኩስበት ሰዓት ነው። የጎደለ ብር ኪሳራ ያመጣል፤ የጎደለ ጥይት ግን በአደን ጊዜ አዳኙን ለቆሰለ ዝሆን፣ በጠብ ጊዜም ባለቤቱን ለባላንጣው አሳልፎ ይሰጣል።

የዚህን ገንዘብ ሌላኛ ገጽ ሳያነሡ ማለፍ ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በማጂ ጠረፍ በመጀመሪያ የተፈለገው የዝሆን ጥርስ ነበር። ዝሆኑ እየተመናመነ ሲሄድ ሰው ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በጥይት የተያዘ ሰው በጥይት ተሸጠ፤ በዋጋው የተገኘው ጥይትም ሌላ ሰው ለመያዝ ዋለ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን መንደሮች ባዶ ሆነው፣ እርሻዎች ጫካ ለብሰው ማየቱን ጽፏል። ዲዚና ቤንች ከመሰሉ ገበሬ ሕዝቦች ብዙዎች አልቀዋል ወይም ተሰደዋል። መንግሥት በ1916 እና በ1923 ዓ.ም. የባርያን ንግድና ባርነትን የሚቃወሙ ሕጎች ቢያወጣም ሕጉ ከአዲስ አበባ ማጂ ለመድረስ ከጥይት ሣጥን የበለጠ ጊዜ ወሰደበት።

፮. ዝናብ፣ አፈርና ባሩድ

የደቡብ ምዕራቡ የተፈጥሮ ሁኔታ ከባሩድ ጋር ያለው ግንኙነት ልዩ ትኩረት ይሻል። የባሩድ ጨው በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ዝናብ በሚያንስበት አገር በአፈር፣ በዋሻና በከብት በረት ወለል ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ግን ታጥቦ ይሄዳል። በሚዛንና በቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይዘንባል። ቡናን፣ ኮረሪማንና እንሰትን የሚያለመልመው ይኸው ዝናብ የባሩድን ጨው ከአፈሩ ያጥባል። ድኝም ቢሆን የሚገኘው እሳተ ገሞራ በነበረበት ደረቅ ቆላ በመሆኑ ከቡናው ምድር እጅግ የራቀ ነው። በደኑ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከሰል ብቻ ነው።

ይህ ማለት የቡና አገር ገበሬ ሦስቱን የባሩድ ክፍሎች ከአጠገቡ ሊያገኝ አይችልም ነበር ማለት ነው። ባሩዱ ተዘጋጅቶ ወይም ክፍሎቹ ተነጣጥለው ከነጋዴ እጅ መምጣት ነበረባቸው። ነጋዴውም የሚሸጠው አገረ ገዢው ሲፈቅድና ገዢው ዋጋውን መክፈል ሲችል ነው። በዚህ ምክንያት ጠመንጃ በእጁ የገባ ገባር እንኳ ቢኖር ጠመንጃውን ለመመገብ በሹሙና በነጋዴው ላይ መመካት ግድ ይሆንበታል። የነፍጠኛው ብልጫ ጠመንጃ መያዙ ብቻ ሳይሆን ለጠመንጃው የሚሆነውን ባሩድ የሚያመጣውን መንገድ መቆጣጠሩ ነበር።

እርጥበትም ሌላው ጠላት ነው። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ከነካው እየተጓተተ ይቃጠላል ወይም ጨርሶ አይነሣም። ስለዚህ ክዳን ባለው ቀንድ ወይም ቅል መያዝና ከዝናብ መጠበቅ ያሻል። ለማድረቅ ወደ እሳት ማስጠጋት ደግሞ ቤትንም ሰውንም ያጠፋል። በእጅ የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ይልቅ እርጥበት በቀላሉ ስለሚገባበት በዚህ አገር ዕድሜው ያጥራል። ጥይትን በእጅ መሙላት በደረቁ አገር ከዝናባሙ የተሻለ ውጤት የሰጠበትም ምክንያት ይኸው ነው።

እንዲህም ሆኖ ውጅግራ በደቡብ ምዕራብ ረጅም ዘመን ኖረ። አዲሱ ጠመንጃ በየዓመቱ ወደ ማእከሉ ቢገባም ለቤተ መንግሥት ዘብና ለታላላቅ መኳንንት ይሰጥ ስለነበር ወደ ጠረፍ የሚወርደው አሮጌው ነው። ጠረፈኛውም አሮጌውን አልናቀም። ጭስ አልባው ጥይት ሲያልቅ ከፋብሪካ በስተቀር የሚሞላው የለም፤ ውጅግራ ግን ቆብና ባሩድ ከተገኘ ዳግመኛ ይናገራል። ለተራው ወታደር የተሻለው ጠመንጃ ሩቅ የሚተኩሰው ሳይሆን ነገም የሚተኩሰው ነበር።

፯. ከውል እስከ ክላሽ

የአውሮፓ መንግሥታት ይህንን እውነት ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ የመሣሪያን ንግድ ስለ መቆጣጠርም ተስማምተዋል። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ ተዋዋይ የሆነችበት የመሣሪያ ውል ከሦስቱ መንግሥታት ጋር በፓሪስ ተፈረመ። ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን ስትጀምር የኢትዮጵያ ሠራዊት ጠመንጃ ከልዩ ልዩ አገርና ዘመን የተሰበሰበ ነበር። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ሞዘርና ለበል ጎን ለጎን ይታዩ ነበር። የአንዱ ጥይት ሲያልቅ የጎረቤቱ አይሆነውም። ጭስ አልባው ባሩድ በአገር ውስጥ ስለማይሠራ ዘመናዊው ጠመንጃ ከውጭ በመጣው ጥይት ልክ ብቻ ተዋጋ።

ከማይጨው በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ምድር ለአጭር ጊዜ የመጨረሻ መከላከያ ሆኖ ነበር። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ጋር ከወለጋ ወደ ከፋ አቅጣጫ ሲያፈገፍጉ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በቀሩት የወረራ ዓመታት የአርበኞች ዋና የጥይት ምንጭ ጠላት ራሱ ሆነ፤ ከጠላት የተማረከ ጥይትም ከጠላት በተማረከ ጠመንጃ ተተኮሰ።

ከነጻነት በኋላ የገባር ሥርዓት በሕግ ተሻረ፤ የወረቀት ገንዘብና መንገድም ቀስ በቀስ ወደ ጠረፉ ደረሱ። ጥይት ከምንዛሪነት ወጣ። ውጅግራ ግን በየጎጆው ተሰቅሎ ለአደንና ለዘብ እያገለገለ ቆየ። ፍጻሜው የመጣው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ነው። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ክላሽንኮቭ በብዛት ወደ ሱሪና ወደ አጎራባች አርብቶ አደሮች ደረሰ። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ብዙውን ጊዜ የብረት ቀለሃ ያለው ነው፤ መሣሪያውም በራሱ ጋዝ ስለሚጎርስ ወጥ ግፊት ያለው የፋብሪካ ባሩድ ይሻል። በጥቁር ባሩድ የተሞላ ጥይት በጥቀርሻ ያንቀዋል። በመሆኑም ቀለሃ የመሙላት ሙያ ትርጉም አጣ። የከብት ዘረፋና የደም መመላለስ በጦርና በዱላ ከሚደረግበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑን በሱሪና በሜኤን ላይ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የአንትሮፖሎጂ ምሁር ዮን አቢንክ አሳይተዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተመኙት፣ ንጉሥ ምኒልክም በራምቦ ዘመን የፈለጉት ነገር በአገር ደረጃ የተሟላው እጅግ ዘግይቶ፣ በአምቦ አጠገብ የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ጥይትን መሥራት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ግለሰብ መሣሪያ የሚይዝበትና የማይይዝበት ሁኔታም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተደንግጓል።

፰. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ቁም ነገሮችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የነፍጥ ኃይል የሚለካው በጠመንጃ ቁጥር ሳይሆን ጥይቱን ለመተካት በሚያስችል አቅም ነው። ሁለተኛ፣ ለብዙ ዓይነት ጠመንጃ የሚሆነውና በአገር ቤት የሚዘጋጀው ጥቁር ባሩድ አሮጌውን መሣሪያ በሕይወት ሲያቆይ፣ ጭስ አልባው ባሩድ ግን የታጠቀውን ሰው ሁሉ የፋብሪካና የወደብ ጥገኛ አድርጎታል። ሦስተኛ፣ ጥይት ገንዘብ በሆነበት በደቡብ ምዕራብ ባሩዱን የተቆጣጠረ ሰው ገበያውንም ሰውንም ተቆጣጥሯል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ባሩዱ ከማይገኝበት ዝናባማ ምድር የኖሩት ቡና አምራቾቹ ገባሮች ናቸው።

ይህ ታሪክ ለመምህራን ሰፊ የማስተማሪያ መስክ ይከፍታል። የታሪክ መምህር የገባርን ሥርዓት ሲያስተምር ሥርዓቱ በምን እንደቆመ በጥይቱ ጉዞ ሊያስረዳ ይችላል። የጂኦግራፊ መምህር ዝናብና አፈር የሰውን ዕድል እንዴት እንደሚወስኑ በባሩዱ ጨው ምሳሌ ያሳያል። የኬሚስትሪ መምህር የሁለቱን ባሩዶች ልዩነት፣ የኢኮኖሚ መምህርም የገንዘብን ጠባይ ከዚሁ ያወጣል። በሚዛን፣ በቴፒ፣ በቦንጋና በማጂ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው የዚያን ዘመን ወሬ ከወላጆቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጉ በጽሑፍ ያልሰፈረ ብዙ ነገር ሊተርፍ ይችላል። ሽማግሌዎቹ በሚያርፉበት ጊዜ ከእነርሱ ጋር የሚቀበረውን መልሶ የሚሞላ የለምና ሥራው መዘግየት የለበትም።